የቪታሚን ኪኒን ለጤና ያስፈልጋልን?

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ባለፈው ጥቅምት በክርክሩ ላይ የተናገርኸውን ጽፈህ አምጣልን» ብለው በጠየቁኝ ጊዜ ወዲያው እሺ አልኋቸው። ንግግሬ በደብተሬ ላይ ሰፍሮ ስለ ነበረ ገልብጬ ብሰጣቸው በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በቤታችን የደረሰው ነገር ያንን ንግግር እንደ ነበረ ለማሳተም ድፍረት አሳጣኝ። ስለዚህ አንባቢዎቼ በትዕግሥት ብትከተሉኝ፥ በመጀመሪያ የተናገርሁትን፥ ቀጥሎም የሆነውን እጽፋለሁ።

ክርክሩ በወላጆች ቀን በትምህርት ቤታችን አዳራሽ የተደረገው ነው። አርእስቱ «ሰው ጤነኛ ሆኖ ለመኖር የቪታሚን ኪኒን መዋጥ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም?» የሚል ነበር። ዕጣ ሲወጣ «አያስፈልገውም» የሚለው ወገን ደረሰኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። በቤታችን ቁም ሳጥን ላይ አክስቴ ከዋሽንግተን በሰው እጅ የላከችው ትልቅ የቪታሚን ብልቃጥ ተቀምጦ ነበርና ስለ እርሱ የምናገረው አላጣሁም። አባቴ ያን ብልቃጥ እንደ ወርቅ ያዩታል። የሚታደለው በፈተና ሳምንት ብቻ ነው፤ ያውም ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ፍሬ። አንዲት ጎረቤታችን ልጃቸው ለብሔራዊ ፈተና በተቀመጠ ጊዜ «እባካችሁ፥ አንድ ሁለት ፍሬ» ብለው ለምነው ወስደዋል። ልጁ አለፈ። ከዚያ ወዲህ የብልቃጡ ክብር እጅግ ከፍ አለ፤ ልጁ ሌሊት ሌሊት ሲያጠና መብራቱ በመስኮት ይታየን እንደ ነበረ ግን ማንም አላስታወሰም።

ንግግሬን የጀመርሁት ከመርከበኞች ታሪክ ነው። (ስለ ሳይንስና ስለ ሕግ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1747 በእንግሊዝ የባሕር ኃይል ያገለግል የነበረ ጄምስ ሊንድ የተባለ ሐኪም፥ ስከርቪ በሚባለው በሽታ ድዳቸው የቆሰለና ጉልበታቸው የከዳ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈላቸው። ለአንዱ ጥንድ ኮምጣጤ፥ ለሌላው የባሕር ውኃ፥ ለሌላው ሌላ ነገር እያለ ለየጥንዱ የተለያየ ሰጣቸው። ከሁሉም ቀድመው የተሻላቸው በየቀኑ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ነበሩ፤ እንዲያውም አንደኛው በስድስተኛው ቀን ለሥራ በቃ። «ቪታሚን» የሚለው ስም የወጣው ግን በ1912 ነው። «እንግዲህ» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ፥ «እነዚያን ሰዎች ያዳናቸው ከገበያ የሚገዛ ሎሚ ነው እንጂ ብልቃጥ ነውን?»

ቀጥዬም የፊንላንድን ነገር አነሣሁ። በዚያ አገር 29,133 ሲጋራ የሚያጨሱ ወንዶች የተካፈሉበት አንድ ጥናት ውጤቱ በ1994 ታትሟል። ከካሮት የሚገኘውን ቤታ ካሮቲን የተባለ ነገር በኪኒን የወሰዱት ሰዎች ከካንሰር ይጠበቃሉ ተብሎ ሲጠበቅ፥ በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት ይልቅ ከመቶ 18 በልጠው ተገኙ። በአሜሪካም ዕድሜያቸው ከ50 ባለፈ 25,871 ሰዎች ላይ ቪታሚን ዲና የዓሣ ዘይት ተሞክሮ፥ ውጤቱ በ2018 ሲገለጥ ካንሰርንም ሆነ ዋና ዋናዎቹን የልብና የደም ሥር በሽታዎች አልቀነሰም። ደግሞም በዚያው አገር ከ1994 ጀምሮ ባለው ሕግ፥ ሻጩ እንዲህ ያለውን ኪኒን ገበያ ከማውጣቱ በፊት ጥቅሙን ለመንግሥት አስመስክሮ ፈቃድ እንዲቀበል አይገደድም። ቪታሚን ሲ ከመጠን ሲያልፍ ሰውነት ትርፉን በሽንት እንደሚያስወጣው በገለጽሁ ጊዜ «ስለዚህ አክስቴ በስንት ድካም ያጠራቀመችው ገንዘብ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጥቶ መጨረሻው ጓሮ ነው» ብዬ አዳራሹን በሣቅ ሞላሁት። በመጨረሻም ስለ ጤፋችን ብረት፥ ስለ ጎመናችንና ስለ ምስራችን ተናግሬ፥ እንዲህ ባለው ገበታ ላይ ኪኒን መጨመር በዓባይ ላይ አንድ እንሥራ ውኃ እንደ መድፋት ነው አልሁ።

ጭብጨባው ለጉድ ነበር። ዳኞቹ አንደኛ አሉኝ፤ አንድ መዝገበ ቃላትና አንድ ብዕር ተሸለምሁ። እናቴ ከወላጆች መካከል ተነሥታ እልል አለች። ያን ዕለት የሦስት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር ነበረች።

የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ከዚያ ውስጥ ውሸት ብዬ የምሰርዘው አንድ ቃል አላገኘሁም። የጎደለው ነገር ግን ኋላ ነው የገባኝ።

የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ እናቴ መለወጥ ጀመረች። ከገበያ ስትመለስ በቤታችን አጠገብ ያለችውን ትንሽ አቀበት በአንድ ትንፋሽ ትወጣት የነበረች ሴት፥ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ እያረፈች መውጣት ያዘች። የውስጥ ከንፈሯ ነጣ። አንድ ቀን ወደ ጓዳ ድንገት ስገባ የግድግዳውን ጭቃ በጥፍሯ ፈቅፍቃ ስትቀምስ አየኋት። አፈረችና «አምሮኝ ነው፤ የእርጉዝ አምሮት ነው» አለችኝ። እኔም የእርጉዝ ነገር እንዲህ ነው እያሉ ሲያወሩ ስለምሰማ ሥቄ ተውሁት። የንስሐ አባታችን ነፍሰ ጡር ሴት በጾም እንደማትገደድ ነግረዋት ነበር፤ እርሷ ግን «ከሰው ተለይቼ ወተት ስጠጣ ሰው ምን ይለኛል» ብላ እንደ ወትሮው ጾመች።

ታኅሣሥ 20 ቀን ጠዋት እንጀራ ስትጋግር ከምጣዱ አጠገብ ወደቀች። በእግዚአብሔር ቸርነት የወደቀችው ወደ በሩ በኩል ነበር እንጂ ወደ እሳቱ አልነበረም። አያቴ ውኃ ረጩባት፤ እኔና አባቴ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናት።

የደም ምርመራው ውጤት 8.4 ሆኖ ተገኘ። ለነፍሰ ጡር ሴት ከ11 በታች ከሆነ የደም ማነስ ነው ይባላል። ነርሷ ካርዱን አገላበጠችና «እናት፥ በጥቅምት ቀዩን ኪኒን ሰጥተንሽ ነበር፤ የሦስት ወር ነው። አልቋል?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ዝም አለች። ነርሷ ደግማ ስትጠይቃት ወደ እኔ ቀና ብላ አየችና እንዲህ አለች፦ «ልጄ የተማረ ነው። በትምህርት ቤት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ኪኒን አያስፈልግም፥ ምግብ ይበቃል ብሎ ሲናገር ሁሉም አጨበጨበለት። እኔም ተውሁት።»

ወገኖቼ፥ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ነርሷ ግን አልተቆጣችም። «አንተ ነህ ተከራካሪው?» አለችኝ። «ና እስኪ፥ አሁን ደግሞ እኔን ተከራከረኝ።»

ያስረዳችኝን፥ ኋላም የባዮሎጂ አስተማሪያችን ያብራሩልኝን እንደ ገባኝ እጽፋለሁ። በእርግዝና ጊዜ የሴት ደም ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን ይጨምራል። ልጁም ደሙን የሚሠራው ከእናቱ ብረት ወስዶ ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር በእርግዝናው ዘመን በጠቅላላው 1 ግራም ያህል ብረት ይፈልጋል። አንድ ግራም ማለት የትንሽ ሚስማር ክብደት ነው፤ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰውነት ከእህልና ከቅጠል ውስጥ ብረትን የሚወስደው እየቆነጠረ ነው። እኔ በአዳራሹ ያሞገስሁት የጤፍ ብረት እንኳ በመጀመሪያ ነገር ከፊሉ በአውድማ ላይ እህሉ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ደግሞም በእህሉ ውስጥ ፋይቲክ አሲድ የሚባል ነገር ብረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። የእርሾው መቡካት ጥቂት ያላቅቀዋል እንጂ ሁሉንም አይፈታውም። በዚህ ላይ እናቴ ምሳ እንደ በላች፥ እጅ ታጥቦ ሳይደርቅ፥ ቡና የምትጠጣ ሴት ናት። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲገናኙ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ በብዙ ያግዱታል። ሥጋ ብትበላ የሥጋ ብረት ይሻል ነበር፤ ወሩ ጾም ነው። ባይጾምስ፥ ዛሬ የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ወላጆች ታውቁታላችሁ።

የዓለም የጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች በየቀኑ እንዲወስዱ የሚመክረው ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ነው። በእናቴ መሳቢያ ውስጥ በወረቀት ተጠቅልሎ የተቀመጠው ቀይ ኪኒን ያ ነበር። በነጻ የተሰጠ ነው። ስሙ በወርቅ ቀለም አልተጻፈበትም፤ ከባሕር ማዶም በዘመድ አልተላከም። በቤታችን ሁለት ዓይነት ኪኒን እያለ የማያስፈልገንን በቁም ሳጥን ላይ አክብረን፥ የሚያስፈልጋትን በመሳቢያ ጥለን ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ አነጋገሬ የሁለቱን ልዩነት አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣሁም። ክርክሩ «ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም» አለ እንጂ «ለማን?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከዳኞቹም አንድ ስንኳ አልጠየቀኝም፤ ይህን የምለው ግን ጥፋቴን ለመካፈል አይደለም።

ማታ ከእናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። እርሷም «አንተማ ምን አጠፋህ፤ እኔም ሰበብ ፈልጌ ነበር» አለችኝ። ኪኒኑን በጀመረችበት ሳምንት ሆዷን አደረቃት፥ አቅለሸለሻት፥ ዓይነ ምድሯም ጠቆረባት። አንዲት ወዳጇም «ይህን ኪኒን የሚውጡ ሴቶች ልጁ ይገዝፍባቸውና ምጥ ይጠናባቸዋል» ብላ አስፈርታታለች። የእኔ ንግግር በዚህ ላይ ደረሰላት። ነርሷ ይህን ስትሰማ ዓይነ ምድር መጥቆር የብረቱ ነገር ስለ ሆነ የሚያስፈራ እንዳልሆነ፥ ማታ ከእራት በኋላ ብትወስደው ማቅለሽለሹ እንደሚቀንስ፥ ምጥ የሚያጠናው ግን ይልቅስ ደም ያነሳት ሴት ስትወልድ የሚፈስሳት ጥቂት ደም እንኳ ትልቅ አደጋ መሆኑ እንደ ሆነ ነገረቻት።

አባቴ በበኩላቸው በማግሥቱ ያን ብልቃጥ በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ጤና ጣቢያው ይዘው ሄዱ። አሳባቸው የቀረውን ለማካካስ እናቴ በቀን ሦስት ሦስት ፍሬ እንድትውጥ ነበር። ነርሷ ጽሑፉን አነበበችና ራሷን ነቀነቀች። በአንዱ ፍሬ ውስጥ 1,500 ማይክሮግራም ቪታሚን ኤ አለ፤ ነፍሰ ጡር ሴት በቀን ከ3,000 እንዳታልፍ ይመከራል፤ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ በፅንሱ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። አባቴ ብልቃጡን መልሰው ሲጠቀልሉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀዩንም ኪኒን ቢሆን ከታናሽ ወንድሜ እጅ እንድናርቀው ነርሷ አስጠንቅቃናለች። ትንሽ ልጅ ከረሜላ መስሎት ብዙ ቢውጥ ሊሞት ይችላል።

ከዚያ ወዲህ በየቤቱ «ማን ምን ይጎድለዋል?» እያልሁ ማሰብ ልማድ ሆኖብኛል። የአያቴን አንገት እንኳ አዲስ ነገር እንዳየ ሰው ሆኜ ተመለከትሁት። አያቴ እንቅርት አለባቸው፤ በላዩም ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለ። በልጅነታቸው የነቀሷቸው እንቅርቱ ይጠፋል ተብሎ እንደ ሆነ ይናገራሉ። አልጠፋም። የደጋው አፈር አዮዲኑን የዘመናት ዝናብ አጥቦ ስለ ወሰደው፥ በዚያ አፈር ላይ የበቀለ እህል የቱን ያህል ቢበላ አዮዲን አይሰጥም። በዚህ ነገር «ምግብ ይበቃል» የሚለው ንግግሬ በአያቴ አንገት ላይ ይወድቃል። በ2011 የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ስለዚህ ነው። ማንም ኪኒን ዋጥሁ ሳይል በወጡ ውስጥ ይበላዋል። እናቴ ጨው ከድስቱ ጋር አብራ ታፈላ ነበር፤ አሁን ወጡ ሊወጣ ሲል ትጨምራለች፥ ጨውንም ክዳን ባለው ዕቃ ታስቀምጣለች፤ አዮዲን በሙቀትና በአየር ይተናልና።

በየስድስት ወሩ ለትናንሽ ልጆች በአፋቸው የሚጨመቅላቸው የቪታሚን ኤ ጠብታም እንደዚሁ ነው። ስለ ፀሐይ ደግሞ፥ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር ነን እያልን የምንመካ ሰዎች ልጆቻችን ቪታሚን ዲ አጥተው እግራቸው መቄመሙ ያስደንቃል፤ ነገር ግን በጨርቅ ተጠቅልሎ በጨለማ ቤት የሚውል ሕፃን ፀሐይ በደጅ መኖሯ ምን ይጠቅመዋል? እኔና የክፍል ጓደኞቼ ግን ኳስ እየተጫወትን ጀርባችን በፀሐይ የሚቃጠለው፥ ሽሮና ጎመን፥ ሲገኝም እንቁላልና ወተት የምንበላው፥ ለፈተና ብለን ከብልቃጥ የምንወስደው ፍሬ ምን እንደሚጨምርልን ዛሬም አይታየኝም። በዚህ በኩል ሽልማቴን አልመልስም።

አንድ ነገር ብቻ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል፤ በተለይ እኅቶቼ ቢሰሙኝ እወዳለሁ። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቪታሚን የሕፃኑ የጀርባ አጥንትና አንጎል በደንብ እንዲገጥም ይረዳል። በ1991 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት፥ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት ያለበት ልጅ የወለዱ ሴቶች ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ያው ጉዳት እንዳይደገም ከመቶ 72 ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ችግሩ ጊዜው ነው። ያ መገጣጠም የሚያልቀው ፅንስ በተያዘ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴት መፀነሷን እንኳ ሳታውቅ። እናቴ በሦስተኛው ወር ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ያ በር ከተዘጋ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ይህን እያሰብሁ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣሁ ለማንም አልተናገርሁም። በአገራችን የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በቪታሚን እንዲዳብር የሚያስገድድ ደረጃ በ2022 ጸድቋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን በየቤቱ የሚቦካው ጤፍ በፋብሪካ በር አያልፍምና፥ እንጀራ በላተኛው በምን መንገድ እንደሚደርሰው ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ ወይም ሐኪም የሚሆነው ቢያስብበት።

ከታኅሣሥ 21 ቀን ጀምሮ ኪኒኑን የማቀብል እኔ ሆንሁ። ማታ ከእራት በኋላ አንድ ፍሬና አንድ ብርጭቆ ውኃ፤ ሲገኝም ሎሚ ጨምቄበት፥ ሎሚ ለብረቱ መንገድ ይከፍትለታልና። ቡናው ከምሳ ሁለት ሰዓት ርቆ እንዲፈላ ሆነ። በዚህ ነገር ከባድ ተቃውሞ የደረሰብን ከአያቴና ቡና አጣጮቻቸው ከሆኑ ጎረቤቶች ነው፤ ሰባት ቀን ያህል አኩርፈውን ነበር። በደብተሬ የኋላ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ማታ አንድ አንድ መስመር አሠምር ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ደሟ ሲለካ 11.2 ሆነ። ነርሷም «ተከራካሪው ተሸነፈ» ብላ ሣቀችብኝ።

ሚያዝያ 14 ቀን ሌሊት እኅቴ ተወለደች፤ 3 ኪሎ ከ100 ግራም። አዋላጇ ሕፃኗን ገልብጣ በጣቷ ጀርባዋን ከላይ እስከ ታች ስትዳስስ ከበሩ ውጭ በስንጥቅ አየኋት። ምንም አልተናገረችም፤ ጠቅልላ ለእናቴ ሰጠቻት።

አያቴ በየማለዳው ሕፃኗን በደጃፍ ፀሐይ ያሞቋታል። እናቴ ቀዩን ኪኒን አሁንም እየወሰደች ነው፤ ከወለዱም በኋላ ለጥቂት ወራት መቀጠል ይገባል ብለዋታል። ብልቃጡም በቁም ሳጥኑ ላይ እንዳለ ነው። ባለፈው እሑድ አክስቴ ከዋሽንግተን ደውላ «ያ ቪታሚን አልቆ ይሆናል፤ በሚመጣ ሰው ሌላ ልላክላችሁ?» ብላ ጠየቀች። እናቴም «ተይው እኅቴ፥ እርሱ ገና አለ። ለልጂቱ ጫማ ላኪ» አለቻት።